ጄት ከመቀየራችሁ በፊት፦ የቱ ስትሮክ ኳድ ሞተር አየር እየሳበ መሆኑን የምትፈትሹበት መንገድ

የኳዱን (የባለ አራት ጎማውን ሞተር ሳይክል) ነዳጅ መስጫ ለቃችኋል፤ ሞተሩ ግን እየጮኸ ይቆያል። ሚኒሞው (ነዳጅ ሳይሰጥ ያለው ዙር) አንዴ ከፍ አንዴ ዝቅ ይላል። ካንዴላውን ስትፈቱት ነጭ ሆኖ ይወጣል። የካርቡራተሩን ጄት (የነዳጁን መጠን የሚወስነውን ባለ ቀዳዳ ብሎን) ትቀይራላችሁ፤ አንድ ቀን ደህና ይሆናል፤ በማግስቱ ያው ነው። እንዲህ ከሆነ ጄት መቀየሩን አቁሙ። ሞተሩ የሆነ ቦታ አየር እየሳበ ነው።

በባለ ሁለት ምት (ቱ ስትሮክ) ሞተር ላይ ይህ እንደ ቀላል የሚታለፍ ነገር አይደለም። ነዳጁና አየሩ መጀመሪያ የሚገቡት ኮሎው (ፒስተኑ የሚያዞረው ዋና ዘንግ) ወደሚዞርበት ክፍል ነው። ፒስተኑ ሲወጣ ያ ክፍል ይስባል፤ ሲወርድ ወደ ላይ ይገፋል። ሥራው የፓምፕ ሥራ ስለሆነ የታፈነ መሆን አለበት። በቀጭን ስንጥቅ ከገባ አየር ጋር ነዳጅ አብሮ አይመጣም። ድብልቁ ይቀጥናል፤ ሙቀቱ ይጨምራል፤ ከነዳጁ ጋር የሚመጣው ዘይትም ያንሳል። መጨረሻው የነከሰ ወይም የተበሳ ፒስተን ነው።

እኔ በያማሃ ብላስተር ኳዴ ላይ ሁለት ፒስተን አቃጥያለሁ። የመጀመሪያው ሲነክስ ፒስተንና ፋሻ ቀይሬ፣ ሲሊንደሩን አስጠርጌ ወጣሁ። ሁለተኛው ሁለት ሳምንት አልቆየም። ጥፋቱ በቮላኖ (በኮሎው ጫፍ ላይ ያለው ከባድ ጎማ መሰል ብረት) በኩል ያለው ፓራሎ፣ ማለትም ኮሎው የሚወጣበትን ቀዳዳ የሚያፍነው የጎማ ቀለበት ነበር። ዋጋው ከፒስተኑ ጋር የሚወዳደር አይደለም። ግማሽ ሰዓት ወስጄ ብፈትሸው ኖሮ ያን ሁሉ ወጪ አላወጣም ነበር። እባካችሁ እናንተ ይህን አትድገሙ።

ምሳሌዬ በዋናነት ያማሃ ብላስተር ነው፤ ከ1988 እስከ 2006 (በፈረንጆች አቆጣጠር) የተሸጠ፣ አንድ ሲሊንደር ያለው፣ 195 ሲሲ፣ በአየር የሚቀዘቅዝ። ሁለት ሲሊንደር ያለውና በውሃ የሚቀዘቅዘው ያማሃ ባንሺ 350 የሚለይበት ቦታ ላይ ለብቻ እነግራችኋለሁ። ሆንዳ ቲአርኤክስ 250 አር ወይም ሱዙኪ ኤልቲ 250 አር ያላችሁም በዚሁ መንገድ ትሠራላችሁ።

ስፕሬይ መርጨት ለምን አይበቃም?

ብዙ ሰው ሞተሩን አስነስቶ የካርቡራተር ማጽጃ ስፕሬይ በየመጋጠሚያው ይረጫል። ድምፁ ከተቀየረ እዚያ ጋ ቀዳዳ አለ ይላል። ሁለት ችግር አለው። አንደኛ፣ በጋለ ማርሚታና በካንዴላ ገመድ አጠገብ የሚቀጣጠል ነገር መርጨት እሳት ያስነሳል። ሁለተኛ፣ በፍሪሲዮን በኩል ያለው ፓራሎ ከሽፋን ውስጥ ስለሆነ ስፕሬዩ አይደርስበትም። ስለዚህ «ረጭቼ ምንም አላገኘሁም» ማለት ሞተሩ ደህና ነው ማለት አይደለም።

አስተማማኙ መንገድ የሞተሩን ቀዳዳዎች አፍኖ፣ በትንሽ ግፊት አየር ነፍቶ፣ ግፊቱ መቆየት አለመቆየቱን ማየት ነው።

የሚያስፈልጓችሁ ነገሮች

- ትንሽ ግፊት የሚያነብ ጌጅ፤ ከ0 እስከ 15 ፒኤስአይ ወይም ከ0 እስከ 1 ባር። የጎማ ጌጅ አይሆንም፤ ከታች ያለውን ትንሽ ቁጥር በደንብ አያሳይም።
- የእጅ ፓምፕ። የብስክሌት ትንሽ ፓምፕ ይበቃል።
- በእጅ የሚዘጋ ትንሽ ቫልቭ፣ ባለ ሦስት አፍ ማያያዣ፣ አንድ ሜትር የነዳጅ ቱቦ፣ ፋሼታዎች (ቱቦ ማጥበቂያ ቀለበቶች)፣ ቴፍሎን።
- የካርቡራተሩን ቦታ የሚያፍን ክዳን።
- የማርሚታውን ቀዳዳ የሚያፍን ጎማ።
- የዕቃ ማጠቢያ ሳሙና፣ ውሃ፣ የሚረጭ ጠርሙስ።
- የእጅ ባትሪ፣ ሰዓት፣ ወረቀትና እስክሪብቶ።

ጌጅ ካላገኛችሁ በእጅ የሚነፋው የደም ግፊት መለኪያ በጣም ጥሩ ምትክ ነው። ፊኛውም፣ ጌጁም፣ ማስተንፈሻውም አንድ ላይ አሉት። የሚያነበው በሚሊ ሜትር ሜርኩሪ ነው፤ 260 ማለት ወደ 5 ፒኤስአይ ነው። አብዛኞቹ 300 ላይ ያበቃሉ፤ ስለዚህ በ260 ፈትሹ። አንዴ ለሞተር ከዋለ ግን የቤንዚን ትነት ስለሚነካው ለሰው መልሳችሁ አትጠቀሙበት።

የአየር ኮምፕሬሰር ግን በጭራሽ አታስቡት። አንድ ጊዜ ሸርተት ካለ ፓራሎዎቹን ከቦታቸው ይገፋቸዋል፤ ደህና የነበረውን ሞተር ራሳችሁ ታበላሹታላችሁ።

ደረጃ 1፦ መፈተሻውን ሥሩ

1. ከፓምፑ ተነሱ። ፓምፕ፣ ከዚያ የሚዘጋው ቫልቭ፣ ከዚያ ባለ ሦስት አፉ ማያያዣ።
2. ከማያያዣው አንዱ አፍ ላይ ጌጁን እሰሩ። በሌላው አፍ በኩል ቱቦው ወደ ሞተሩ ይሂድ።
3. ቅደም ተከተሉን አትቀይሩ። ቫልቩ በፓምፑና በጌጁ መካከል መሆን አለበት። ፓምፕ ሁልጊዜ ትንሽ ያስተነፍሳል፤ ቫልቩን ስትዘጉ ፓምፑ ከጨዋታ ይወጣል።
4. የካርቡራተሩን ጫፍ ውፍረት ለኩ፤ ወደ ጎማው አንገት (ካርቡራተሩን ከሞተሩ ጋር ወደሚያገናኘው ጎማ) የሚገባውን ማለቴ ነው። በዚያ ልክ የፕላስቲክ ቧንቧ ክዳን ግዙ። መሐሉን ብሱና ቱቦ የሚሰካበት የናስ ኒፕል አስገቡ። በቴፍሎንና በሁለት ውህድ ማጣበቂያ አፍኑት፤ አንድ ሌሊት ይድረቅ።

ለማርሚታው በኩል ሁለት አማራጭ አለ። ማርሚታው በብሎን ከሲሊንደሩ ጋር የሚታሰር ከሆነ ከ4 እስከ 5 ሚሊ ሜትር ውፍረት ያለው የብረት ሳህን ቁረጡ። ከሥሩ ሁለት ድርብ ካላማዳሪ አድርጉና በራሱ ብሎን እሰሩት። ቱቦው ተሰክቶ በስፕሪንግ የሚያዝ ከሆነ ደግሞ መሐሉ ብሎን ያለው፣ ሲጠብቅ የሚያብጥ የጎማ ውታፍ ግዙ። በሳህኑም ሆነ በውታፉ ላይ ኒፕል ብትሰኩበት ለደረጃ 9 ይጠቅማችኋል።

ደረጃ 2፦ መጀመሪያ መፈተሻውን ራሱን ፈትሹ

ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ነው። መፈተሻው ራሱ እያስተነፈሰ ደህና ሞተር ይበተናል።

1. ወደ ሞተሩ የሚሄደውን ቱቦ ጫፍ በብሎን ድፈኑና በፋሼታ እሰሩ።
2. 6 ፒኤስአይ ንፉ። ቫልቩን ዝጉ።
3. አሥር ደቂቃ ጠብቁ። የጌጁ ቀስት ንቅንቅ ማለት የለበትም።

ከወረደ ማያያዣዎቹን በሙሉ ባልዲ ውሃ ውስጥ ንከሯቸው፤ ጌጁን ብቻ ከውሃው በላይ ያዙ። አረፋ የወጣበትን ፍቱ፣ ቴፍሎን ጨምሩ፣ እንደገና ሞክሩ። መፈተሻው ሳይስተካከል ወደ ደረጃ 3 አትሂዱ።

ደረጃ 3፦ ሞተሩን አዘጋጁ

*ሞተሩ ፍጹም ቀዝቃዛ ይሁን።* ካስነሳችሁት በኋላ ቢያንስ ሦስት ሰዓት ይቆይ፤ ቢያድር ይመረጣል። የሞቀ ሞተር ውስጥ ያለ አየር ሲቀዘቅዝ ግፊቱ በራሱ ይወርዳል፤ ቀዳዳ ሳይኖር ቀዳዳ ያለ ይመስላችኋል። በፀሐይ ላይ አትሥሩ፤ እዚያ ደግሞ ግፊቱ ይወጣና የእውነቱን ቀዳዳ ይሸፍንባችኋል።

1. የነዳጅ መዝጊያውን ዝጉ። ቁልፉን አጥፉና የካንዴላውን ገመድ ንቀሉ። አጠገባችሁ ሲጋራም ሆነ ሌላ እሳት አይኑር።
2. ሞተሩን በደንብ እጠቡና አድርቁ። ዘይትና አቧራ የተጋገረበት ቦታ ላይ አረፋ አይታይም።
3. ካርቡራተሩንና ማርሚታውን አውጡ። የጎማ አንገቱ ግን ከሞተሩ ጋር እንደታሰረ ይቆይ፤ እሱም ይፈተሻል።
4. ከጎማ አንገቱ ወይም ከሞተሩ አካል የሚወጡ ቀጫጭን ቱቦዎችን ሁሉ ፈልጉ። የዘይት ፓምፑ ቱቦ እዚያ የሚገባ ከሆነ ንቀሉትና ኒፕሉን በጎማ ቆብ ድፈኑት።
5. በማርሚታው ቀዳዳ በእጅ ባትሪ ወደ ውስጥ እዩ። ፒስተኑ ላይ ከላይ ወደ ታች የተሰመሩ ጭረቶች ካሉ ሞተሩ ቀድሞ ነክሷል። ፍተሻውን ቀጥሉ፤ ግን ቴስታታው (የሲሊንደሩ የላይ ክዳን) እና ሲሊንደሩ መውረዳቸው አይቀርም።

አሁን ፒስተኑን መጨረሻው ታች ላይ አድርጉት። ማርሹ ዜሮ ላይ ይሁን። ካንዴላውን ፍቱና የፕላስቲክ ስትሮ በቀዳዳው አስገቡ። ብረት አታስገቡ፤ የፒስተኑን ራስ ይጭራል። የመርገጫውን እግር በእጃችሁ ቀስ አድርጋችሁ ግፉ። ስትሮው ወርዶ ወርዶ መውረዱን ሲያቆም ፒስተኑ ታች ደርሷል። በማርሚታው ቀዳዳም ማረጋገጥ ትችላላችሁ፤ ቀዳዳው ሙሉ በሙሉ ተከፍቶ ይታያል።

ፒስተኑ ታች ሲሆን ከታች ወደ ላይ የሚወስዱት መተላለፊያዎች ክፍት ናቸው። የኮሎው ክፍልና ሲሊንደሩ አንድ ቤት ይሆናሉ። በአንድ ፍተሻ ሁለቱንም ትጨርሳላችሁ።

ባንሺ ላላችሁ፦ አንዱ ፒስተን ታች ሲሆን ሌላው ላይ ነው። ስለዚህ ፍተሻውን ሁለት ጊዜ ሥሩ፤ አንዴ የግራው ታች ሆኖ፣ አንዴ የቀኙ። አንድ ጊዜ ብቻ ከሠራችሁ የላይኛው ሲሊንደር ሳይፈተሽ ቀረ ማለት ነው።

ካንዴላውን ከሮንዴላው ጋር መልሳችሁ አጥብቁት።

ደረጃ 4፦ ቀዳዳዎቹን አፍኑ

1. የማርሚታውን ሳህን ወይም ውታፍ እሰሩ። ውታፉን በጣም ወደ ውስጥ አትግፉት፤ ፒስተኑን መንካት የለበትም።
2. የክዳኑን ዙሪያ በጣም ቀጭን ዘይት ቅቡና ካርቡራተሩ በነበረበት ቦታ አስገቡ። በራሱ ፋሼታ አጥብቁት።
3. ቱቦውን በክዳኑ ኒፕል ላይ ስኩና በፋሼታ እሰሩ።

አየሩ በካርቡራተሩ በኩል መግባት አለበት። ከጎማ አንገቱ ቀጥሎ ሪድ ቫልቭ አለ፤ ወደ ውስጥ ብቻ የሚከፈት ቅጠል ነው። ከውጭ ወደ ውስጥ ስትነፉ ቅጠሉ ይከፈትና አንገቱም ሞተሩም አብረው ይፈተሻሉ። በካንዴላ ቀዳዳ በኩል ብትነፉ ግን ቅጠሉ ወደ ኋላ ይዘጋል። ያኔ የተሰነጠቀ የጎማ አንገት ይዛችሁ «ሞተሬ ደህና ነው» ትላላችሁ። ይህ ስህተት ብዙ ጊዜ ያጋጥማል።

ከዚህ በኋላ መርገጫውን አትንኩ። የታፈነ ሞተር ሲዞር ግፊቱ ይንርና ውታፉን እንደ ጥይት ሊያስወነጭፈው ይችላል። በማርሚታው ቀዳዳ ፊት ለፊትም አትቀመጡ።

ደረጃ 5፦ ንፉና ሰዓት ያዙ

1. ቀስ ብላችሁ እስከ 6 ፒኤስአይ (0.4 ባር ገደማ) ንፉ። ከ8 አትለፉ።
2. ቫልቩን ዝጉ።
3. በየደቂቃው ቁጥሩን ጻፉ፤ ለስድስት ደቂቃ።

ውጤቱን እንዲህ አንብቡት።

- ቀስቱ ካልተንቀሳቀሰ ወይም በስድስቱ ደቂቃ 1 ፒኤስአይ ብቻ ከወረደ፦ ሞተሩ ደህና ነው። ደረጃ 9ን ብቻ ሥሩ።
- በደቂቃ እስከ 1 ፒኤስአይ ከወረደ፦ ብዙ መካኒክ ይህን ያሳልፋል። እኔ አላሳልፍም። ቀዳዳው ትንሽ ነው፤ ሲነዳና ሲሞቅ ግን ትንሽ ሆኖ አይቀርም። ፈልጉት።
- ከዚያ በፍጥነት ከወረደ፦ ሞተሩን አታስነሱት።

በደም ግፊት መለኪያ ከሆነ 1 ፒኤስአይ ወደ 50 ሚሊ ሜትር ሜርኩሪ ነው።

*ምንም ግፊት አልይዝ ካለ* ሞተሩን ከመጠርጠራችሁ በፊት ራሳችሁ ያፈናችኋቸውን እዩ። ውታፉ፣ ክዳኑ፣ ካንዴላው፣ የደፈናችሁት ኒፕል። እነዚህ ላይ ሳሙና ርጩ። እኔ ጋ ከአሥር ስምንቱ ጊዜ ችግሩ ማርሚታው በኩል ካለው ውታፍ ነው።

ደረጃ 6፦ ከውጭ የሚታዩትን ቦታዎች በሳሙና ፈልጉ

አንድ እጅ ሳሙና በአራት እጅ ውሃ በጥብጡ። ጠርሙሱን አትነቅንቁት፤ አስቀድሞ አረፋ ከሠራ የቱ የማን አረፋ እንደሆነ አይለይም። ግፊቱን 6 ላይ እየጠበቃችሁ በዚህ ቅደም ተከተል ርጩ።

1. *የጎማ አንገቱ።* በእጃችሁ ወደ ጎን እያጠፋችሁ እዩት። ስንጥቁ ብዙ ጊዜ ሲተጣጠፍ ብቻ ነው የሚከፈተው። ባንሺ ላይ ሁለቱን አንገቶች የሚያገናኘውንም ቱቦ አትርሱ።
2. *የሪድ ቫልቩ ቤት ከሲሊንደሩ ጋር የሚገናኝበት ጋርኒሲዮን (በመጋጠሚያው መካከል የሚገባው ማፈኛ)።* አራቱንም ጥግ።
3. *የሲሊንደሩ ሥር።* ዙሪያውን በሙሉ። የኋላው ክፍል ስለማይታይ መስታወት ተጠቀሙ።
4. *ቴስታታው።* በአየር በሚቀዘቅዝ ሞተር ላይ በቅጠሎቹ መካከል ቀስ ብላችሁ ርጩ። ባንሺ ላይ የራዲያተሩን ክዳን ክፈቱ፤ ውሃው ውስጥ አረፋ ከወጣ ጥፋቱ የቴስታታው ማፈኛ ነው።
5. *ካንዴላው ሥር።*
6. *የሞተሩ ሁለት ግማሽ የሚጋጠምበት መስመር።* ከታችም ጭምር። ሰንሰለት ተበጥሶ ያውቅ ከሆነ ሰንሰለቱ አጠገብ ያለውን የሞተር አካል በተለይ እዩ፤ ተሰንጥቆ ሊሆን ይችላል።

ትልቅ ቀዳዳ ሲሆን አረፋው ይፈነዳል። ትንሽ ቀዳዳ ሲሆን ግን እንደ ነጭ ጭቃ ቀስ ብሎ ያብጣል። በየቦታው ቢያንስ አንድ ደቂቃ ቆዩ። መቸኮል እዚህ ላይ አይሠራም።

ደረጃ 7፦ የቮላኖው በኩል ፓራሎ

በግራ በኩል ያለውን ሽፋን ፍቱ። ቮላኖው ከኋላው ያለውን ፓራሎ ይሸፍነዋል። መጀመሪያ በቮላኖው ቀዳዳዎች ትንሽ ሳሙና አስገቡና አዳምጡ። አረፋ ከወጣ ገባችሁ ማለት ነው። ካልወጣ ግን ነፃ ነው አትበሉ፤ ቮላኖውን አውጡ። በራሱ መንቀያ ብቻ ይውጣ። በካቻቢቴ መፈልቀቅ ወይም በመዶሻ መምታት ኮሎውን ያጣምማል።

ሽፋኑን ስትከፍቱ ከቮላኖው ኋላ የነዳጅ ሽታና የሚያጣብቅ እርጥበት ካያችሁ ገና ሳትነፉ ምልክቱን አግኝታችኋል። ይህ ቦታ ደረቅ መሆን ነበረበት።

አንድ ነገር ጨምሩ፦ የኮሎውን ጫፍ ይዛችሁ ወደ ላይና ወደ ታች ግፉት። ከተወዛወዘ ኩሽኔታው አልቋል። አዲስ ፓራሎ ብታስገቡም በጥቂት ቀን ይበላዋል።

ደረጃ 8፦ የፍሪሲዮን በኩል ፓራሎ

ይህኛው በካምቢዮ (የማርሽ ሳጥን) ዘይት ውስጥ ተደብቋል። ሲበላሽ ሁለት ነገር ያደርጋል። ሞተሩ ሲስብ የካምቢዮውን ዘይት አብሮ ይስባል፤ ነጭ ጭስ ይበዛል፤ ዘይቱ ይጎድላል፤ የት እንደሄደ አይታወቅም። ሲገፋ ደግሞ ግፊቱን ወደ ካምቢዮው ይሰጣል፤ ዘይት በማስተንፈሻው ቱቦ ይወጣል። ካንዴላው በዚህ ጊዜ ነጭ ሳይሆን ጥቁርና እርጥብ ሊሆን ይችላል። ስለዚህ በካንዴላ ቀለም ብቻ አትፍረዱ።

ለመፈተሽ ሽፋኑን መክፈት አያስፈልግም።

1. የካምቢዮውን ዘይት ክዳን አጥብቁ።
2. ከካምቢዮው የሚወጣውን የማስተንፈሻ ቱቦ ፈልጉ። ጫፉን በውሃ የተሞላ ብርጭቆ ውስጥ፣ ከውሃው ወለል ትንሽ ዝቅ አድርጋችሁ አስገቡ።
3. ሞተሩን 6 ፒኤስአይ ንፉ።
4. ብርጭቆውን እዩ።

በተከታታይ አረፋ ከወጣ አየሩ ከኮሎው ክፍል ወደ ካምቢዮው እየሾለከ ነው። ጥፋቱ ወይ ፓራሎው ነው፣ ወይ በሁለቱ ክፍሎች መካከል ያለው መጋጠሚያ ነው። ስትጀምሩ አንድ ሁለት አረፋ ብቻ ወጥቶ ቢቆም ግድ የለም። ቱቦው በጭቃ ተደፍኖ ከሆነ ግን ምንም አታዩም፤ አስቀድማችሁ በአፋችሁ ንፉበትና ክፍት መሆኑን አረጋግጡ። ግፊቱን ከማስተንፈሳችሁ በፊት ቱቦውን ከብርጭቆው አውጡ፤ አለዚያ ውሃው ወደ ካምቢዮው ሊሳብ ይችላል።

ደረጃ 9፦ በመሳብ ፈትሹ

ፓራሎ ከንፈር አለው። ስትነፉት ከንፈሩ ኮሎው ላይ ይጫንና ይይዛል፤ ሲሳብ ግን ይለቃል። ሞተሩ ደግሞ ሁለቱንም ይሠራል። የእጅ ቫኪዩም ፓምፕ ካላችሁ (የፍሬን ዘይት ለማስተንፈስ የሚያገለግለው) ይህን ደረጃ አትዝለሉት።

አሁን ፓምፑን የምትሰኩት ማርሚታው በኩል ባለው ሳህን ወይም ውታፍ ኒፕል ላይ ነው። የካርቡራተሩን በኩል ድፈኑት። በካርቡራተሩ በኩል ብትስቡ ሪድ ቫልቩ ይዘጋና የምትፈትሹት የጎማ አንገቱን ብቻ ይሆናል። እስከ 0.3 ባር ሳቡና ስድስት ደቂቃ ጠብቁ። ሲነፋ የያዘ ሞተር ሲሳብ ካልያዘ ወደ ፓራሎዎቹ ሂዱ።

ደረጃ 10፦ ጠግኑና እንደገና ፈትሹ

*የጎማ አንገት*፦ ቀይሩት። ማጣበቂያ አይረባም።

*የሪድ ቫልቩ ቤት*፦ ጋርኒሲዮኑን ቀይሩ። ፊቱ ከተጣመመ ወፍራም መስታወት ላይ ደቃቅ የብርጭቆ ወረቀት አንጥፋችሁ በቀስታ እሹት።

*የሲሊንደሩ ሥርና ቴስታታ*፦ አንዴ የታሰረ ጋርኒሲዮን አይደገምም። ብሎኖቹን በመስቀል ቅደም ተከተል፣ በሦስት ዙር፣ መመሪያው በሚለው ልክ አጥብቁ።

*ፓራሎ*፦ ብላስተር ላይ ከውጭ በኩል ይቀየራል። ባንሺ ላይ ፓራሎው በሞተሩ ሁለት ግማሾች መካከል ስለሚያዝ ሞተሩ መከፈት አለበት። ከማውጣታችሁ በፊት የትኛው ፊቱ ወደ ውጭ እንደሆነ ፎቶ አንሱ። ኮሎውን የጫረ ካቻቢቴ አዲሱንም ፓራሎ ያፈሳል፤ ስታወጡት ተጠንቀቁ። የአዲሱን ከንፈር ግሪስ ቅቡት።

*የሞተሩ መጋጠሚያ*፦ ተከፍቶ፣ ፊቱ ተጠርጎ፣ በያማቦንድ 4 ወይም ለዚሁ በተሠራ ማፈኛ ይገጠም። ተራውን ሲሊከን አደራ አታስገቡ። ቤንዚን ሲነካው ያብጣል፣ ይላላል፤ ቁራጩም ወደ ውስጥ ይገባል።

አንድ ቀዳዳ ስላገኛችሁ አታቁሙ። ትልቁ ቀዳዳ ትንሹን ይደብቃል፤ ግፊቱ ቶሎ ስለሚወርድ ትንሹ አረፋ ለመሥራት ጊዜ አያገኝም። እያንዳንዱን በጠገናችሁ ቁጥር ከደረጃ 5 ጀምራችሁ ድገሙ። ስድስት ደቂቃ እስኪይዝ ድረስ።

ደረጃ 11፦ መልሳችሁ ስትገጥሙ

1. ግፊቱን አስተንፍሱ። ውታፉን፣ ክዳኑን፣ የጎማ ቆቦቹን አውጡና ቁጠሯቸው።
2. ሳሙናውን በንጹሕ ውሃ አጥባችሁ አድርቁ፤ በተለይ የቮላኖውን በኩል።
3. የዘይት ቱቦ ነቅላችሁ ከነበረ መልሱት፤ ውስጡ የገባውን አየር በመመሪያው መሠረት አስወጡ። አየር ባለበት የዘይት ቱቦ ማስነሳት ሌላ ፒስተን ማቃጠል ነው።
4. ካርቡራተሩን እስከ መጨረሻው ግፉና ፋሼታውን አጥብቁ።

ካርቡራተሩና የጎማ አንገቱ የሚገናኙበት ቦታ በፍተሻው ጊዜ ክዳን ስለነበረበት አልተፈተሸም። ሞተሩን አስነሱና ሚኒሞ ላይ ተዉት። ንጹሕ ውሃ በደቃቁ ርጩበት፤ የአየር ማጣሪያው ላይ እንዳይደርስ። ድምፁ ከተለወጠ ካርቡራተሩ በደንብ አልገባም።

በመጨረሻ ጄቱን እዩ። ቀዳዳውን ሳያውቅ የነዳ ሰው አብዛኛውን ጊዜ ትልቅ ጄት አስገብቶ ነው የቆየው። አሁን ቀዳዳው ስለተደፈነ ያ ጄት ነዳጅ ያበዛል፤ ሞተሩ ይታፈናል፣ ካንዴላው ይጠቁራል። የፋብሪካውን ቁጥር ከመመሪያው አውጥታችሁ ከዚያ ጀምሩ። የስድስቱን ደቂቃ ቁጥሮችና ቀኑን ደግሞ በወረቀት ፕላስተር ላይ ጽፋችሁ ከመቀመጫው ሥር ለጥፉ። በሚቀጥለው ጊዜ ስትፈትሹ የምታወዳድሩት ከዚያ ጋር ነው።